ከጉና ግርጌ የተመለሰው ሐኪም

ኢየሩሳሌም፣ ዴር ሱልጣን
ጥር ፲፬ ቀን ፲፰፻፶፱ ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ

ይድረስ ለእኅቴ ለወይዘሮ ፈንታነሽ፤ ደብረ ታቦር።

የጌታ መቃብር በረከት፣ የእመቤታችን ጥላ ከደጅሽ አይራቅ። እንዴት ከረማችሁ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ የባልሽ የዘውዱ የአክስት ልጅ፣ አባ ገብረመድኅን፣ ጉልበቴ ከመድከሙ በቀር ደኅና ነኝ።

ለልደት በዓል በምጽዋ በኩል ተሻግረው ከመጡት ተሳላሚዎች ጋር ስለ አገር ስንጨዋወት፣ አንዱ «የደብረ ታቦሩ ሐኪም ዘውዱ ባለፈው ሰኔ ዐረፈ» አለ። የትኛው ዘውዱ ብዬ ጠየቅሁት። ሰውዬው ክንዱን ገልጦ የፈንጣጣ ክትባቱን ጠባሳ አሳየኝ። «ይህን ያደረገልኝ፣ ከርብ ወንዝ ማዶ ያደገው ገበሬ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ዘውዱ ነው ማለት አልቻልሁም።

አንቺ ሐኪም ሆኖ ነው ያገኘሽው። እኔ የማውቀው ዘውዱ ገበሬ ነው። እናትና አባቱ ሲሞቱበት እናቴ ወስዳ ከእኔ ጋር አሳደገችው፤ በአንድ ገበታ በላን፣ በአንድ ቀንበር አረስን። አንድ ዓመት በሬያችን ገደል ገብቶ እግሩ ተሰበረ። ሰው ሁሉ ይታረድ አለ፤ ቢላዋውም ተሳለ። ዘውዱ ከበሬው አጠገብ ተቀምጦ «ለፋሲካ ከሆነ አርባ ጾሙም ገና አልተያዘ፤ ምን አስቸኮላችሁ?» አለ። ሰው ሲስቅ ቢላዋው ተረሳ። እሱ ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ ጠፍር ጠምጥሞ፣ ውሃና ሣር እየተሸከመ አስነሣው። በሬው ሲሄድ ያነክስ ነበር እንጂ አርሷል። ሐኪምነቱ ከዚያ ጀመረ።

እኔ ግን ወደዚህ ከመጣሁ ወዲህ ያለውን ሕይወቱን አላውቅም። በጸሎት ስሙን ሳነሣ ስም ብቻ እንዳይሆንብኝ፣ እንዴት እንደ ኖረ ጻፊልኝ። ምን ሆኖ ሞተ? ማንስ አጠገቡ ነበር?

እናቴን ወለተጊዮርጊስን ጉልበቷን ሳሚልኝ። እንደ ልጇ ነበርና ኀዘኑ ይከብዳታል፤ አንቺ አጽናኛት።

ወንድምሽ አባ ገብረመድኅን


ደብረ ታቦር
ሰኔ ፱ ቀን ፲፰፻፶፱ ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ

ይድረስ ለአባቴ ለአባ ገብረመድኅን፤ ኢየሩሳሌም።

ከተቀደሰው አገር ሆነው ስላሰቡን እግዚአብሔር ያስብዎ። ጉልበትዎን እሱ ያጽናልዎ። እኔ እየነገርኋቸው የሚጽፉት የደብራችን መሪጌታ ደምሴ ናቸው፤ እሳቸውም እጅ ይነሣሉ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። መልሱን ያዘገየሁት መንገደኛ ጠፍቶ አይደለም። ምን እንደምል ስላላወቅሁ ነው።

ልጆቹ ደኅና ናቸው። ካሳሁን እርሻውን ይዟል። ማሬ ቁመቷ ከወገቤ አልፏል። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። ገብሱ ውርጭ መትቶት ነበር፤ የተረፈው ይበቃናል። እኔም ደኅና ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይህንኑ ነው።

እንዴት ኖረ ላሉት፣ መጀመሪያ ያየሁት የአባቴ ትከሻ የወለቀ ጊዜ ነው። ሐኪም አምጡ ተብሎ ተላከ። ከእርሻ ላይ ተጠርቶ ኖሮ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አባቴ አየውና «ሐኪም አምጡ አልሁ እንጂ ገበሬ አምጡ መቼ አልሁ?» ብሎ ተቆጣ። ዘውዱ «አባቴ፣ ሁለቱንም ነው ያመጡልዎ» አለና አባቴ መልስ ሲፈልግ ትከሻውን ጎትቶ መለሰው። አባቴ ሲጮህ እኔ ሳቅሁ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ አገባኝ።

በጋ በጋ፣ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ጣራ ገዳም እየወጣ ከአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ሥርና ቅጠሉን ተማረ። ሲመለስ ጠረኑ ጫካ ጫካ ይላል። መራራውን ሁሉ ለልጆቹ ከማጠጣቱ በፊት ራሱ ይጠጣዋል፤ ፊቱን ሳያጨማድድ «ማር ነው» ይላቸዋል። ማሬ ጠጥታ ስታለቅስ እሱም አብሮ ያለቅስ ነበር፤ የውሸቱን ሲሉት የእውነቱን።

የፈንጣጣውን ክትባት ያመጣው ከጎንደር ነው። በሽታው ከቀለለለት ሰው ቁስል ወስዶ ክንድ ጭሮ ይቀባል። ሰው ፈራ። እሱ መጀመሪያ ካሳሁንን፣ ቀጥሎ ማሬን ከተበ። ሰደብሁት። «የሰው ልጅ ጠፍቶ ነው በእኔ ልጆች የምትሞክረው?» አልሁት። «በሰው ልጅ ደፍሬ እንዴት ልሞክር?» አለኝ። ትኩሳታቸው እስኪበርድ ከአልጋቸው ሥር ተኛ። ሲድኑ አገሩ በሙሉ ክንዱን ይዞ መጣ።

ማሬን አርግዤ እግሬ ሲያብጥ ማታ ማታ እግሬን የሚያጥበኝ እሱ ነበር። ጎረቤት አይቶ ሳቀበት፤ ዘፈንም አወጡለት። ዘፈኑን ተምሮ እያጠበኝ ይዘፍነው ጀመር።

ጋፋት ላይ መድፍ ሲሠራ እሳት የፈጀውን ሠራተኛ ሁሉ ወደ እሱ ያመጡ ነበር። እሬትና ማር እየቀባ ብዙ ሰው አዳነ። አንድ ትልቅ ሰው ከሰፈሬ ግባ፣ በቅሎም ሹመትም እሰጥሃለሁ አለው። ሄዶ ሰነበተና ተመለሰ። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ «እዚያ ሆኜ ማሬን ማን ያስተኛታል?» አለ። እኔ ስለ በቅሎው ተቆጥቼ ነበር።

በሽታው የገባው አምና በሰኔ ነው። ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ ጠዋት የያዘውን ማታ ይቀብሩታል። ዘውዱም በዚያ ዐረፈ። አጠገቡ የነበረው ጌጡ የሚባል ጎረቤት ነው።

ተዝካሩን አውጥቻለሁ። አስለቃሿ ስሙን እየጠራች ሰው ሲያነባ፣ እኔ ጣራው የሚያፈስበትን ቦታ አይ ነበር። ሰው አምቶኛል። ልክ ናቸው።

ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ስሙን እዚያ ያስጠሩልኝ።

ፈንታነሽ


ኢየሩሳሌም፣ ዴር ሱልጣን
ኅዳር ፮ ቀን ፲፰፻፷ ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ

ይድረስ ለእኅቴ ለወይዘሮ ፈንታነሽ።

የቀራንዮ ሰላም ለአንቺና ለልጆችሽ ይሁን። እኔ ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ አምላክ ይመስገን።

ደብዳቤሽን ለአገራችን መነኮሳት አነበብሁላቸው። አባትሽ «ገበሬ አምጡ መቼ አልሁ» ያሉትን ስንሰማ ሁላችንም ሳቅን፤ ዐይናቸው የማያይ አንድ አባት ድገምልኝ አሉኝ። ስሙ በየቅዳሴው ይጠራል። የወይራ ዘይትና ከመቃብሩ የበራ ጧፍ ልኬልሻለሁ።

ሁለት ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለ። አንደኛው፣ አጠገቡ ጎረቤት ነበር ብለሻል። አንቺ የት ነበርሽ? ልወቅስሽ አይደለም። ያ ሰው ለሹመት እንኳ ከልጆቹ መራቅ ካልቻለ፣ እንዴት በጎረቤት እጅ ሞተ?

ሁለተኛው፣ ስለ እናቴ አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም። መሪጌታ ዘንግተውት ይሆናል። አርጅታለችና መንገድ ከብዷት ደብዳቤውን ስታስጽፊ አልመጣች ይሆናል። እባክሽ ቤቷ ድረስ ሄደሽ ምርቃቷን በራሷ ቃል አስጽፊልኝ። እንደምትናገረው ይሁን፤ መሪጌታ አያሳምሩት።

ከአገር ስወጣ ዘውዱ ርብን አሻግሮ ሸኝቶኛል። አንድ ልጇ እኔ ነኝና እግሬ እንቢ አለ። «እናቴን አደራ» አልሁት። «አንተ ለሁላችን ጸልይ፤ እሷን ለእኔ ተዋት» አለኝ። እዚህ ድረስ የመጣሁት በዚያ ቃል ነው። አሁን እሱ ከሌለ ማን ይጦራታል? እንጨቷን ማን ይፈልጣል? ይህን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ አባ ገብረመድኅን


ጉና ግርጌ
ግንቦት ፳፮ ቀን ፲፰፻፷ ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ

ይድረስ ለአባቴ ለአባ ገብረመድኅን።

ጸሎትዎ ይድረሰን። ጧፉና ዘይቱ ደርሶኛል፤ እጅ ነሥቻለሁ። ከተማው በእሳት ጠፍቶ አሁን በአባቴ ወገኖች ዘንድ፣ ጉና ግርጌ ነን። ቤታችን ከከተማው ራቅ ስለሚል የጣሪያው ሣር ብቻ ነው የተቃጠለው፤ ግድግዳው አለ። ልጆቹ ደኅና ናቸው። መሪጌታ ደምሴም ወደዚህ ሸሽተዋልና የሚጽፉልኝ እሳቸው ናቸው።

ስለ እናትዎ የጠየቁኝን እኔም አልረሳሁት፣ መሪጌታም አልዘነጉት። እናትዎ ዐርፈዋል። የዐረፉት በዚያው ሰኔ ነው።

እንግዲህ ሁሉንም ልንገርዎ።

በሽታው በጣና በኩል መጣ ሲባል እንሽሽ ያለው ዘውዱ ራሱ ነው። «ፈንጣጣን አውቀዋለሁ፣ ቁስልን አውቀዋለሁ። ይህን አላውቀውም። የማላውቀውን ቆሜ አልጠብቅም» አለኝ። አህያውን ጫንን፣ ከብቱን ነዳን። እናትዎን ከእኛ ጋር ይምጡ ብሎ ሄዶ ለመናቸው። ባሌ የተቀበረበትን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ጥጃ የያዘ ከብት ፈጥኖ አይሄድምና ጊዜ ሳናጠፋ ሄድን።

ጉና ግርጌ ስንደርስ ከኋላችን የሚሸሹ ሰዎች ደረሱብን። ከርብ ማዶ ያለው መንደር ታሟል፤ አሮጊቷ ወለተጊዮርጊስ ወድቀዋል፤ ቤታቸውን የሚከፍት ሰው የለም አሉ። ዘውዱ ማሬን በትከሻው ተሸክሞ ነበር። አወረዳት።

«ልትመለስ ነው?» አልሁት።

«ብቻዋን ናት።»

«አላውቀውም ያልኸው በሽታ ነው።»

«አላውቀውም።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ አንቺ አለሻቸው። እሷ ማን አላት?»

«ልጅ አላት» አልሁት። «ይምጣና ያስታማት።»

«ልጇ እኔ ነኝ» አለ።

መሄጃው ዳገት የለውም፤ ሩቅ ድረስ ይታያል። ዞሮ እጁን አነሣ። ልጆቹ እጃቸውን አነሡ። እኔ አላነሣሁም።

የቀረውን የነገረኝ ጎረቤታችን ጌጡ ነው። ጌጡ በበሽታው ተይዞ ዘውዱ መንገድ ላይ አግኝቶ ያነሣው፣ ከእናትዎ ቤት አስገብቶ አብሮ ያስታመመው ሰው ነው። እሱ ድኗል። ዘውዱ እናትዎን የተቀቀለ የገብስ ውሃ በጨውና በማር እያጠጣ፣ እያጠበ፣ ልብሳቸውን እየለወጠ አስታመማቸው። ሴት ልጅ ለእናቷ እንደዚያ አታደርግም አለኝ ጌጡ። ሊድኑ ነው ሲባል እንደገና ወደቁ። በመጨረሻው ዐይናቸው አያይም ነበር።

«ገብሬ፣ መጣህ?» አሉ።

ዘውዱ እጃቸውን ይዞ «መጣሁ እምዬ» አለ።

«ቆየህ።»

«ቆየሁ። መንገዱ ራቀብኝ።»

መርቀዋል። ምን ብለው እንደ መረቁ ጌጡ አልሰማም። ምርቃታቸውን በቃላቸው ላኪልኝ ብለውኝ ነበር፤ ያለኝ ይህ ነው። ዘውዱ በመቃብር ቦታ ከባላቸው አጠገብ ቀበራቸው።

ከቀብሩ ሲመለስ ታመመ። ጌጡን «ሚስቴንና ልጆቼን እንዳትጠራ፤ ካለቀ በኋላ ሂድ» አለው። እናትዎ አጠገብ ነው የተቀበረው። ጌጡ በእግሩ መጥቶ ሲነግረኝ፣ ለእኔ ምን አለ ብዬ ጠየቅሁት። «የጤፉ ማሳ አንድ እርሻ ይቀረዋል በላት» ብሏል። ሌላስ አልሁት። ሌላ የለም አለኝ። ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ ሌላ የለም። በሽታው ሲበርድ ካሳሁንን ይዤ ወረድሁና አረስን። ዘራንም። ጤፉ መልካም ሆነ።

ያልጻፍሁልዎት ይህንን ነው። ዘውዱ የት እንዳረፈ ልንገርዎ ብል እናትዎን መንገር አለብኝ፤ እናትዎን ብነግር ደግሞ በማን ፈንታ እንደ ሄደ ይገባዎታል። በእርስዎ አገር ደግሞ የሚያጽናናዎ ዘመድ የለም አልሁ። ሌላም ምክንያት አለ። እኔ እርስዎን አልረገምሁዎትም። አልመረቅሁዎትምም። መሪጌታ ይህን ስል ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ለመነኩሴ ይህ አይጻፍም» አሉኝ። «ይጻፍ» አልሁ።

ፈንታነሽ


ኢየሩሳሌም፣ ዴር ሱልጣን
ጥቅምት ፫ ቀን ፲፰፻፷፩ ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ

ይድረስ ለእኅቴ ለወይዘሮ ፈንታነሽ።

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለካሳሁን፣ ሰላም ለማሬ።

ደብዳቤሽን አነበብሁት። አጠፍሁት። ቅዳሴ ነበርና ሄድሁ። ከቅዳሴ መልስ የወጥ ተራው የእኔ ስለ ነበር ተቀምጬ ምስር ለቀምሁ። ጠጠሩን ወደዚህ፣ ምስሩን ወደዚያ። እዚያው ዋልሁ። ዐይነ ስውሩ አባት ዜናው ምንድን ነው አሉኝ። እናቴ ዐርፋለች አልሁ። «መቼ?» ሲሉኝ፣ በሕይወት አለች ብዬ ሰላምታ ስልክላት የኖርሁትን ጊዜ ሁሉ አሰብሁት። ለቀምሁ።

አልመረቅሁዎትም ብለሻል። መሪጌታን ስላላዳመጥሽ አመሰግንሻለሁ። ውሸት የሆነ ምርቃት ከምትልኪልኝ ይህ ይሻላል።

እናቴ ከአባቷ ያገኘችው የርብ ዳር መሬት ለእኔ የሚደርሰኝ ነው። ለካሳሁንና ለማሬ ሰጥቻለሁ። ሁለት መነኮሳት ምስክር ሆነዋል፤ ወረቀቱን ለመሪጌታ ደምሴ አስረክቢ፤ በሽማግሌ ፊት ያንብቡት። ካሳ አይደለም። ለሰው መሬት ካሳ አይሆነውም። የእናቴ ልጅ ዘውዱ ነበር፤ ርስት የሚወርደው ደግሞ ለልጅ ልጅ ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ቀርቷል። አንቺ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላለቀስሁም። መነኩሴ እንባ ስጦታው ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ደርቄያለሁ። ሌሎቹ ሲያጽናኑኝ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ካለቀስሽ ጻፊልኝ። እንዴት እንደሚሆን ልወቀው።

ገብረመድኅን


ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ከቤታችን
ሰኔ ፪ ቀን ፲፰፻፷፩ ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ

ይድረስ ለአባቴ ለአባ ገብረመድኅን።

ፈጣሪ ልብዎን ያሳርፍልዎ። ቤታችንን ክዳን አልብሰን ገብተናል። ወረቀቱ በሽማግሌ ፊት ተነቧል፤ የተቃወመ የለም። ካሳሁን የርብ ዳሩን አንድ ጊዜ አርሶታል። ሁለቱንም መቃብር ድንጋይ አልብሰናል። ዘንድሮ የዘውዱን ተዝካር ሳወጣ የእናትዎንም ስም አስጠራለሁ፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ቤቴ እንግዳ አለ። ከበለሳ በቃሬዛ የመጣች ሴት ናት፤ ባሏ አብሯት አለ። እሾህ ወግቷት እግሯ አብጦ ነበር። ዘውዱ ሲያደርግ እንዳየሁት ቁስሉን ከፍቼ፣ በፈላ ውሃ አጥቤ፣ ማር አደረግሁበት። ትድናለች ብዬ አልዋሽም፤ ግን ትላንት በእግሯ እስከ ደጅ ወጥታለች።

ለጠየቁኝ መልሱ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው የመጣው። የደረሱ ዕለት ደጅ ላይ ገብስ እያሰጣሁ ነበር። ባልዬው ቃሬዛውን ከተሸካሚዎቹ ጋር አስቀምጦ፣ ጥምጣሙን ፈትቶ ላቡን ጠረገና «የሐኪም ዘውዱ ቤት ይህ ነው?» አለ።

«ነው» አልሁት።

«ተመስገን። እሳቸውስ አሉ?»

«እርሻ ላይ ነው» አልሁት።

አባቴ፣ ለምን እንደዚያ እንዳልሁ አላውቅም። ከአፌ ወጣ። ድሮ በየቀኑ የምለው ነገር ነው። ሰውዬው ፊቱ በራ። ወደ ሚስቱ ዞሮ «ደርሰናል፣ አሉ» አላት። ተሸካሚዎቹ ተቀመጡ፤ ውሃ ለመኑኝ። አንዱም «ግድ የለም፣ እንጠብቃለን» አለ።

ውሃ ላመጣ ብዬ ገባሁና ቅሉን ይዤ ቆምሁ። ከውጭ ሲያወሩ ይሰማኛል። ሚስትዬው «ገበሬም ናቸው እንዴ?» ስትል ባልዬው «አዎ፣ ገበሬ ናቸው ይሏቸዋል» አላት። ከዚያ በላይ ላስጠብቃቸው አልቻልሁም። ወጣሁ።

«ወንድሜ፣ ዋሽቼሃለሁ። ሞቷል» አልሁት።

አባቴ፣ ያችን ቃል ለሰው ስል የመጀመሪያዬ ነው። የለም እላለሁ፣ ዐረፈ እላለሁ፤ ሞቷል ብዬ አላውቅም። ሰውዬው መሬት ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። ዘውዱን አይቶት አያውቅም። ስሙን ብቻ ይዞ ከበለሳ ድረስ ነው የመጣ። ሲያለቅስ አየሁት። ቅሉ ከእጄ ወድቆ ውሃው ፈሰሰ፤ እኔም ገብሱ ላይ ወደቅሁ። የጮህሁትን ካሳሁን ከማሳው ሰምቶ፣ ማሬ ከወንዝ ሰምታ፣ ሮጠው መጡ። ጎረቤት ሁሉ መጣ። ሚስትዬው እንኳ ከቃሬዛዋ ተጎትታ ወርዳ ጭንቅላቴን ያዘችው።

ሰውዬው የራሱን እንባ ጠርጎ አየኝ አየኝና፣ «እናቴ፣ ዛሬ ነው እንዴ የሞቱት?» አለኝ።

«አዎ» አልሁት። «ዛሬ ነው።»

ፈንታነሽ